ማንም ያልጻፈው ቋንቋ «ኤ» እንደነበረው በምን ታወቀ?

ቃል ለቃሚ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ስለ ሳንስክሪትና ፋርስኛ ዝምድና እያነበብኩ ነው። አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

ሁለቱን የወለደ አንድ ግንድ ቋንቋ ነበረ ይላሉ፤ የህንድ-ኢራን ግንድ ቋንቋ ልበለው። ከ4000 ዓመት ገደማ በፊት ይነገር ነበር። ግን አንድም ጽሑፍ የለውም፤ ድንጋይ ላይ አልተቀረጸ፣ ሸክላ ላይ አልተጫረ። ቃሎቹ ሲጻፉ ፊታቸው ላይ ኮከብ ይደረግባቸዋል። ኮከቧ «ይህን ተጽፎ አላገኘነውም፣ ከልጆቹ ተነስተን መልሰን ያቆምነው ነው» ማለት ናት። እዚህ ድረስ ገብቶኛል።

ያልገባኝ ይኸው። «አስር» በላቲን ዴኬም፣ በግሪክ ዴካ፣ በሳንስክሪት ዳሻ፣ በአቬስታ (የጥንት ኢራኖች ቅዱስ መጽሐፍ ቋንቋ) ዳሳ ነው። «ነው» የሚለው ግስ በላቲን ኤስት፣ በግሪክ ኤስቲ፣ በሳንስክሪትም በአቬስታም አስቲ። «ስምንት» በላቲንም በግሪክም ኦክቶ፣ በእነዚያ ግን አሽታ። አውሮፓዎቹ ኤም ኦም ሲሉ፣ ሳንስክሪትና አቬስታ ኣ ብቻ። የማነበው መጽሐፍ «ጥንት ኤ፣ ኦ እና ኣ ሦስቱም ነበሩ፤ በህንድ-ኢራን ቅርንጫፍ ተደባልቀው አንድ ኣ ሆኑ» ብሎ ያልፈዋል።

ለምንድነው እንደዚያ የሚባለው? በሳንስክሪት ያሉት ጥንታዊዎቹ የሪግቬዳ መዝሙሮች እኮ ከማንኛውም የላቲን ጽሑፍ በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማሉ። ታዲያ ሳንስክሪት የጥንቱን ኣ እንዳለ ይዞ፣ አውሮፓዎቹ ናቸው ሦስት ቦታ የከፈሉት ለምን አይባልም? በብዙኃን ድምፅ ነው የተወሰነው ወይስ የሚጨበጥ ማስረጃ አለ? የምታውቁ አስረዱኝ። በአማርኛ ምሳሌ ከሆነ ደግሞ በጣም ደስ ይለኛል።

ሥርወ ቃል

እህቴ፣ ጥያቄሽ ቀላል አይደለም። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሊቃውንትም እንዳንቺው ነበር የሚያስቡት። አውጉስት ሽላይኸር በ1868 ከህንድ-ኢራን በላይ ባለው፣ ላቲንንና ግሪክንም በወለደው በኢንዶ-አውሮፓዊው ግንድ ቋንቋ አንዲት አጭር ተረት ጻፈ። ስለ አንድ በግና ስለ ፈረሶች ናት። ርዕሷ «አቪስ አክቫሳስ ካ» ይላል። ጮክ ብለሽ አንብቢው፤ ኣ፣ ኣ፣ ኣ። ሳንስክሪት እንዲህ ስለሚል ጥንቱም እንዲህ ነበር ብሎ ነው።

በ1870ዎቹ ነገሩ ተገለበጠ። የገለበጠውም አናባቢው ራሱ አይደለም፣ አጠገቡ የቆመው ተነባቢ ነው።

ከሳንስክሪት ሁለት ትንንሽ ቃላት ውሰጂ። «ካስ» ማለት «ማን» ነው። «ቻ» ማለት «እና» ነው። ሁለቱም ያላቸው አናባቢ ኣ ነው። አንዱ ግን በክ ይጀምራል፣ ሌላው በች። ምን ለያቸው? ኣ ነው ክን ወደ ች የሚለውጠው ብትዪ ካስ አለልሽ፤ አይለውጥም ብትዪ ደግሞ ቻ አለ። አሁን ላቲንና ግሪክን ጥሪያቸው። ለ«ቻ» ላቲን «ክዌ» ይላል፣ ግሪክ «ቴ» ይላል። ኤ አለበት። ከ«ካስ» ጋር የሚዛመደው የግሪክ መጠይቅ ግን «ፖ» ነው፤ «ፖቴሮስ»፣ ከሁለቱ የትኛው ሲሉ። እዚያ ኦ ነው ያለው። እንዲህ እያልሽ በየቃሉ ብትሄጂ ያው ነው። እነሱ ኤ ያሉበት ላይ ሳንስክሪት ች ይላል፣ እነሱ ኦ ወይም ኣ ያሉበት ላይ ክ ይላል። ኢ ባለበት ደግሞ ዛሬም ዐይንሽ እያየ ች ነው፤ ላቲን «ክዊድ» ሲል ሳንስክሪት «ቺድ» ይላል።

ስለዚህ ከ«ቻ» ኋላ አንድ ጊዜ ኤ ነበረች። ክን ወደ ላንቃ ስባ ች አደረገችው፣ ከዚያ ራሷ ኣ ሆና ጠፋች። ሥራዋ ግን ቀረ።

አማርኛ ምሳሌ ብለሻል። ይሄ ነገር እኮ አፋችን ላይ ነው ያለው። ሰበረ፣ ሰባሪ። ነገረ፣ ነጋሪ። አድራጊውን ስንጠራ መጨረሻው ላይ ኢ አለች። እስቲ ወሰደ በይ። «ወሳዲ» አትዪም፣ ወሳጅ ነው። ከፈተ፣ ከፋች። ለመነ፣ ለማኝ። ያዘ፣ ያዥ። ለወጠ፣ ለዋጭ። ኢዋ የለችም። ድ ጅ ሆኗል፣ ት ች ሆኗል፣ ን ኝ ሆኗል። ማን አደረገው? ኢ ናታ! ገባች፣ ለወጠች፣ ወጣች። ሰባሪ ላይ ግን ር አልለወጥም ስላለ ኢዋ እዚያው እንደቆመች ናት። «ሂጂ» የሚለውን አንዳንዱ ሰው «ሂጅ» ሲለው ደግሞ አወጣጧን በጆሮሽ ትሰሚያለሽ። እንግዲህ አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው፣ አንድ የድሮ ጽሑፍ ሳያገላብጥ፣ ወሳጅ መጨረሻው ላይ ኢ እንደነበረው አፉን ሞልቶ መናገር ይችላል። የሳንስክሪቷም ኤ የተገኘችው በዚሁ መንገድ ነው።

የላንቃ ሕግ ይሉታል። ቨርነር፣ ቶምሰን፣ ሶሲዩር፣ ኮሊትዝ፣ ዮሐንስ ሽሚት ሁሉም በዚያው በ1870ዎቹ በየፊናቸው ደርሰውበታል፤ ማን ቀደመ የሚለው ብዙ አከራክሯል። ለእኔ የሚደንቀኝ ቅድሚያው ሳይሆን፣ ያንን ያህል ሰው ዓመታት ሲያየው የኖረውን ች ድንገት «አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?» ብሎ መጠየቁ ነው።

ቅደም ተከተሉን ልብ በይ። መጀመሪያ ክ ከኤ ፊት ሲሆን ች ሆነ። ኤ ወደ ኣ የሄደችው ከዚያ በኋላ ነው። ቢገላበጥ ኖሮ እዚያ ቦታ ላይ ች የሚባል ነገር ባልተገኘ። የሽላይኸር ርዕስ መጨረሻ ላይ ያለችው «ካ» የተሳሳተችው ለዚህ ነው። ሄርማን ሂርት ተረቷን እንደገና ሲጽፋት (በ1939 የታተመች ናት) «ክዌ» አድርጓታል።

ተጠራጣሪው

ማስረጃው ደስ ይላል፣ ግን እኔን አልጨረሰኝም። ኤ ነበረች ለማለት ላቲንን ትጠራላችሁ፣ ላቲን ትክክል ነው ለማለት ደግሞ ችን። ዞሮ ዞሮ እዚያው። ጥንት ክም ችም ነበሩ፣ አናባቢዋ ግን አንዲት ኣ ብቻ ነበረች ብል ማን ይከለክለኛል? አውሮፓ ላይ ከች ቀጥሎ የምትመጣው ኣ ኤ ሆነች፣ ከዚያ ችም ተመልሶ ክ ሆነ። ሁሉም ነገር በግልባጩ ይሠራል።

ሥርወ ቃል

ወንድሜ፣ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ ሳይመለስ መታለፍ የለበትም።

ያንተ መንገድ ከች ቀጥሎ ያለችውን ኤ ያስረዳ እንበል። ች በሌለበት ያለችውን ኤ ምን ልታደርጋት ነው? ሦስት የሳንስክሪት ቃላት ልስጥህ። አስቲ፣ «ነው»። አቪስ፣ «በግ»። አጃቲ፣ «ይነዳል»። ሦስቱም በኣ ይጀምራሉ። በላቲን ግን ኤስት፣ ኦዊስ፣ አጊት ናቸው። አንዲት ኣ ሦስት ቦታ ተበተነች ማለት ነው። ማን በተናት? ከፊቷ ምንም የለም። ከኋላዋ ያለውን ተነባቢ ይዘህ ሌሎች ቃላት ላይ ብትሞክረውም ደንብ አይወጣልህም፣ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ቃል ላይ ይፈርሳል። ድምፅ ሲለወጥ ደግሞ በደንብ ነው የሚለወጠው፤ ይሄ ቃል ላይ ደስ አለኝ ያኛው ላይ አላሰኘኝም ብሎ አይከፈልም።

መደባለቅ ግን ምክንያት አይፈልግም። እኛው ጋ አለ። ሠረቀ በግዕዝ ወጣ ማለት ነው፣ ፀሐይ ስትወጣ፤ ምሥራቅ የሚለው ቃል ከዚያ ነው። ሰረቀ ደግሞ የሌባው ነው። ዛሬ ስንናገር ሠ እና ሰ አንድ ናቸው። ቃለ ጽሕፈት የሚጽፍ ልጅ ሠ ይሁን ሰ ጆሮው አይነግረውም፣ ቃል በቃል መሸምደድ አለበት። ሁለት ድምፅ አንዴ ከተቀላቀለ መልሶ የሚለየው ደንብ የለም። እንግዲህ ላቲንና ግሪክ፣ ሳይማከሩ፣ እዚያው ቃል ላይ ኤ፣ እዚያው ቃል ላይ ኦ ካሉ፣ ልዩነቱን ወርሰውታል እንጂ አልፈጠሩትም። በዚህ ላይ ችን ጨምርበት። ሳንስክሪት የውስጥ ጉዳዩን ለማስረዳት ከሚፈልገው ኤ ጋር የአውሮፓዎቹ ኤ አንድ ቦታ ላይ ተገጣጠመ። ሁለት የማይተዋወቁ ምስክሮች አንድ ቃል ሲሰጡ ይሄ ክብ ክርክር አይባልም።

ቃል ለቃሚ

የሠ እና የሰ ምሳሌ ገላገለኝ። አመሰግናለሁ።

ሌላ ጥያቄ ልጨምር። ሳንስክሪት እንዲህ ጥንታዊ ከሆነ፣ ፋርስኛ ከሳንስክሪት የወጣ ነው ማለት ይቻላል? አንዳንድ ቦታ እንደዚያ ሲባል ሰምቻለሁ።

የፋርስኛ ተማሪ

አይቻልም! ይሄን ስሰማ ዝም ማለት ያቅተኛል፣ ፋርስኛ ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነውና ትንሽ ልናገር።

በሁለት ዓምድ የምጽፍባት ደብተር አለችኝ። በግራ ሳንስክሪት፣ በቀኝ የኢራን ወገን። መጀመሪያ ገጽ ላይ ያለችው ቃል ሲንድሁ ናት፣ «ወንዝ»፣ በተለይም ታላቁ የኢንዱስ ወንዝ። በቀኙ በኩል የፋርሱ ንጉሥ የዳርዮስ ጽሑፎች ላይ «ሂንዱ» ሆና ትገኛለች፣ ከነስም መድረሻዋ ሂንዱሽ። ሁለት ለውጥ በአንድ ቃል። ስ ህ ሆኗል፣ ትንፋሽ የነበረው ድህ ደግሞ ተራ ድ ሆኗል። በኢራን ቋንቋዎች ሁሉ እንዲህ ነው። ሳፕታ «ሰባት»፣ አቬስታ ሃፕታ፣ የዛሬ ፋርስኛ ሃፍት። የመሥዋዕት መጠጡ ሶማ ሃኦማ ነው፣ አሱራ («ጌታ») አሁራ ነው። ግሪኮች ያንን ስም ከፋርሶች ሰምተው ህውን ጥለው «ኢንዶስ» አሉት። እኛ ግን ህውን ይዘነዋል። «ህንድ» ባልን ቁጥር የኢራኖችን ድምፅ ለውጥ ነው የምንናገረው፤ አገሬው ወንዙን የሚጠራው በስ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ሲታይ ሳንስክሪት አሮጌው፣ ፋርስ የተለወጠው ይመስላል። ገጹን ሲገልጡት ግን ተቃራኒው ይመጣል። «ጥበብ፣ ማስተዋል» በሳንስክሪት ሜድሃ ነው። በአቬስታ ማዝዳ፣ ያው የጥንት ኢራኖች አምላክ የአሁራ ማዝዳ ማዝዳ። የጥንቱ ቃል ውስጥ ዝ ነበረች። አቬስታ ጠበቃት፣ ሳንስክሪት ዋጣትና ከፊቷ ያለውን ኣ ኤ አደረገው። (ይቺ የሳንስክሪት ኤ አዲስ ናት፣ ከላይ ከሚወራላት ከጥንቷ ኤ ጋር እንዳትቀላቅሏት።) «ዴቫ» የሚለውም እንደዚያው ነው፤ ጥንታዊ ፋርስኛ «ዳይቫ» ብሎ ኣይ የሚለውን ድምፅ ሳያጨማድድ አቆይቶታል። ትርጉሙ ግን ተገልብጦ፣ በህንድ አምላክ የሆነው በኢራን ጋኔን ሆኗል። ሳንስክሪት ዝን ከጣለ፣ ዝ ያለው ቋንቋ ከእሱ ሊወለድ አይችልም። ፋርስኛም ስን ወደ ህ ከቀየረ ለሳንስክሪት እናት አይሆንም። እህትማማች ናቸው። ብዙ የሥነ ልሳን ሰዎች ግዕዝን የአማርኛ ቀጥተኛ እናት አድርገው እንደማይወስዱት ማለት ነው፤ አሮጌ መሆንና እናት መሆን ይለያያል።

ሁለቱ አንድ ሳሉ የተለወጠ ነገርም አለ፣ ሁለቱም ላይ በአንድ ደንብ የሚገኘው እሱ ነው። ስ ከር፣ ከኡ፣ ከክ እና ከኢ ቀጥሎ ስትመጣ ሽ ትሆናለች። አራቱን ድምፆች ገጣጥመው የሩኪ ሕግ ይሉታል። «አይጥ» በላቲን ሙስ ነው፣ በሳንስክሪት ሙሽ፣ በፋርስኛም እስከ ዛሬ ሙሽ። ሳንስክሪት ውስጥ ደግሞ «ውስጥ፣ ላይ» የምትለዋ የብዙ ቁጥር ባዕድ መድረሻ ሱ ናት፤ ሴናሱ፣ «በሠራዊቶች»። አግኒ «እሳት» ላይ ስትለጠፍ ግን አግኒሹ ትሆናለች፣ ኢ ስላለች። የሩሲያኛና የሊትዌንያኛ አያቶችም ተመሳሳይ ለውጥ አላቸው፣ እሱን ለሌላ ቀን። ል ወደ ር መሄዱም የጋራ ነው፤ ተኩላ በግሪክ ሉኮስ፣ በሳንስክሪት ቭሪካ፣ በፋርስኛ ጎርግ።

ጡረተኛው መምህር

ልጆቼ፣ ውይይታችሁ ደስ አሰኝቶኛል። ስለ አናባቢ ተወርቷል፤ እኔ ጨርሶ ስለጠፋ ተነባቢ ልጨምር። የቆየ ፍቅሬ ነው።

እናንተው በምታውቁት ልጀምር። ሰበረ፣ ነገረ፣ ከፈለ፣ ሦስት ሦስት ተነባቢ አላቸው። ሰማ፣ በላ፣ ገባ ግን ሁለት ብቻ። ደግሞም ሰበረ በ«ረ» ሲያልቅ ሰማ በ«ማ» ነው የሚያልቀው፣ አፍ ከፍቶ። አንድ ብልህ ሰው አማርኛን ብቻ ይዞ ተቀምጦ ቢያስብ፣ «እዚህ ሦስተኛ ተነባቢ ነበረ፤ ሲጠፋ አናባቢውን አስፍቶ ሄደ» ሊል ይችላል። ጎረቤቱ «ህልም ነው» ይለዋል። ከዚያ ግዕዝ ይከፈታል፤ ሰምዐ፣ በልዐ፣ ገብአ። ቁጭ ብለዋል!

ይህ በእውን ተፈጽሟል። ፈርዲናንድ ደ ሶሲዩር ገና በ21 ዓመቱ፣ 1879 የሚል ዓመት በታተመበት ጥናቱ፣ የኢንዶ-አውሮፓን አናባቢዎች ሥርዓት ብቻ ተመልክቶ «የጠፉ ድምፆች ነበሩ፣ ረዣዥም አናባቢዎችን የፈጠሩት እነሱ ናቸው» አለ። አንድም ቋንቋ ውስጥ አይታዩም ነበር። በ1915 ህሮዝኒ በዛሬዋ ቱርክ ይኖሩ የነበሩትን የኬጢያውያንን ቋንቋ ፈታ። በ1927 ኩሪሎቪች ያ ድምፅ ይሁንበት በተባለው ቦታ ላይ ኬጢያውያን ኅ የመሰለ ድምፅ ጽፈው እንደተገኙ አሳየ። ሶሲዩር በ1913 አርፏል፣ አላየውም።

ለህንድ-ኢራን ይህ ምን ያደርግለታል ብትሉኝ፣ «ነፋስ» የሚለውን ቃል እዩ። በሳንስክሪትም በአቬስታም ቫታ ነው፣ የመጀመሪያው ኣ ረዥም። ሁለት ቀለም፣ ቫ-ታ። የሪግቬዳ ስንኞችን በቀለም ስትቆጥሩ ግን አንዳንዱ ቤት ላይ አንድ ቀለም ይጎድላል፣ «ቫ-አ-ታ» ብላችሁ በሦስት ካልቆጠራችሁት ዜማው ይሰበራል። በአቬስታ ውስጥ የነቢዩ ዘራቱስትራ የሚባሉት መዝሙሮች፣ ጋታዎች፣ ላይ ሂዱ፣ እዚያም ቫታ ሦስት ቀለም ይፈልጋል። የህንድ ካህናትና የኢራን ካህናት አልተመካከሩም። መካከል ላይ የነበረ ተነባቢ ሁለቱን ኣ ለያይቶ ይዟቸው ነበር፤ እሱ ሲሄድ ክፍተቱ ለጥቂት ትውልድ ቀረ፣ ግጥሙም ክፍተቱን ያዘው።

አንዲት ቃል ደግሞ ላሳያችሁ፣ ረዥሙን ኣ ደርቤ እጽፈዋለሁ። በቬዳ ሳንስክሪት «አድርጌአለሁ» ቻካራ ነው። «አድርጓል» ቻካኣራ ነው። ልዩነታቸው የመካከለኛው ኣ እርዝመት ብቻ ነው። አሁን በዝግታ አብረን እንይ። መጀመሪያ ቻ፣ ቀጥሎ ካ። ያው አንድ ተነባቢ ተደግሞ ሳለ አንዱ ች ሌላው ክ የሆነው ለምን? የተደገመው ክፍል ኤ ነበረው፣ ሥሩ ኦ ነበረው። ግሪክም በዚሁ የግስ መልክ «ጌጎና» ይላል፣ መጀመሪያ ኤ ቀጥሎ ኦ። ይህ ከላይ የተነገረው የላንቃ ሕግ ነው። ቀጥሎ እርዝመቱ። ብሩግማን ባገኘው ሕግ መሠረት፣ ያቺ ኦ ክፍት ቀለም (በአናባቢ የሚያልቅ) ላይ ስትውል ረዥም ኣ ትሆናለች። በ«አድርጓል» ላይ ር ወደ ቀጣዩ ቀለም ስለሚሄድ ቀለሙ ክፍት ነው፣ ስለዚህ ረዘመች። በ«አድርጌአለሁ» ላይ ለምን አልረዘመችም? ምክንያቱም የ«እኔ» መድረሻ ሲጀምር ያ የጠፋው ተነባቢ ነበረበት። ር ወደ ኋላ ተገፍቶ ቀለሙን ዘጋው። ማንም ሰምቶት የማያውቅ ድምፅ አንዲት ኣን አሳጥሮ ሄደ። እኔ ይህን መጀመሪያ ያነበብኩ ዕለት መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ተራመድኩ።

ተጠራጣሪው

መምህር፣ እርስዎ ካሉት በኋላ ክርክሬን አንስቻለሁ፣ ከልብ አመሰግናለሁ። የቀረኝ የትና መቼ የሚለው ነው። 4000 ዓመት የሚለው ቁጥር ከየት መጣ?

የፋርስኛ ተማሪ

ባጭሩ ልመልስ። አብዛኞቹ ተመራማሪዎች ሲንታሽታ ከሚባለው ባህል ጋር ያያይዙታል። ከኡራል ተራራ በስተደቡብ፣ ከ2100 እስከ 1800 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ገደማ፣ ጥንታዊ የፈረስ ሠረገላዎች በመቃብር ውስጥ የተገኙበት ነው። አጥንትና ገል አይናገርም፣ ስለዚህ ከቋንቋው ወገን የሚደግፍ ነገር ያስፈልጋል። አለም። የሰሜን ሰዎች ቃል ተውሰዋል። ፊንላንድኛ «መቶ» ሳታ ይለዋል፣ ሀንጋርኛ ሳዝ። ሁለቱም የኢንዶ-አውሮፓ ቋንቋዎች አይደሉም። የሳንስክሪቱ ሻታምና የአቬስታው ሳቴም የወጡበት የጋራ ቃል ነው ምንጩ። ከሁሉ የምወደው ግን የፊንላንዱ «ፖርሳስ» ነው፣ የአሳማ ግልገል። ክ ወደ ስ ዓይነት ድምፅ ተለውጧል (ላቲኑ ፖርኩስ ነው)፣ ኦዋ ግን እስካሁን ኣ አልሆነችም። ለውጦቹ መሃል ላይ የተነሳ ፎቶ በሉት።

በሌላው ጫፍ ደግሞ 14ኛው ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ አለ። በሰሜን ሶርያ አካባቢ የነበረው የሚታኒ መንግሥት ንጉሥ ከኬጢያውያን ጋር ሲዋዋል ሚትራን፣ ቫሩናን፣ ኢንድራንና ናሳትያዎችን ምስክር ይጠራል። ኪኩሊ የሚባል የሚታኒ ሰው የፈረስ ማሠልጠኛ መመሪያም በሸክላ ላይ ተገኝቷል፤ የዙር ቁጥሮቹ አይካ፣ ቴራ፣ ፓንዛ፣ ሳታ፣ ናዋ ናቸው፤ 1፣ 3፣ 5፣ 7፣ 9። ሰባቱ በስ ነው፣ ስለዚህ የኢራን አይደለም፣ የህንድ ወገን ነው። አይካ ግን ገና «ኤካ» አልሆነም። ያኔ ቅርንጫፎቹ ተለያይተው ነበር፤ ግንዱ ከዚያ መቅደም አለበት።

ቃል ለቃሚ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ሞከርኩ፣ እዩልኝ።

አንደኛ፣ ሂማላያ «የበረዶ ማደሪያ» ማለት ነው አሉ። ስ ወደ ህ ስለሚሄድ በፋርስኛ «ሲማ» የሚል ዘመድ ፈለግሁ፣ አጣሁት።

ሁለተኛ፣ አምስት። ላቲን ክዊንክዌ፣ ግሪክ ፔንቴ፣ ሳንስክሪት ፓንቻ፣ ፋርስኛ ፓንጅ። መጨረሻው ላይ ች ያለው ኤ ስለነበረች ነው። ከዚያ መዝገበ ቃላት ሳገላብጥ «ፓንክቲ» የሚል አገኘሁ፣ «አምስት የያዘ ረድፍ»። ክ! መጀመሪያ ደነገጥኩ፣ ደንቡ ፈረሰ ብዬ። ቆይቼ ሳየው ግን ከክ ቀጥሎ ያለው ት ነው፣ ኤ የለችም። ስለዚህ የሚለውጠው አጥቶ ክ እንደሆነ ቀረ። ልክ ነኝ?

የፋርስኛ ተማሪ

አንደኛው ላይ መንገዱን ገልብጠሽዋል። ስ ህ የምትሆነው በኢራን በኩል ነው። የሳንስክሪት ህ ሌላ ምንጭ አላት፣ በኢራን በኩል ዝ ሆና ነው የምትገኘው። «እጅ» ሃስታ፣ አቬስታ ዛስታ። (ጥንታዊ ፋርስኛ ደግሞ ያንን ድ አድርጎታል፤ የዛሬው ዳስት ከዚያ ነው።) ለሂማ ዝን ፈልጊ፤ ዜሜስታን፣ በፋርስኛ የብርዱ ወቅት። ዘመዱ ያ ነው።

ሥርወ ቃል

ሁለተኛው ላይ ልክ ነሽ፣ ፓንክቲን ራስሽ ማግኘትሽ አስደሰተኝ። አሁን «አራት»ን ሞክሪ። ሳንስክሪት ቻትቫራስ ነው። ላቲኑ ክዋቱኦር ስለሆነ ኤ ታጪና ግራ ይገባሻል። ያኔ ግሪኩን እዪው፣ ቴታሬስ ነው።